የእናቴ ስልክና ሦስተኛዋ ክር

ዋርሳዬ ታውራይ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው። ይህን ደግሞ እሱ ራሱ ሳይነግራችሁ ሰላምታው አያልቅም። እህቴን ኔትሳይን ሊጠይቅ የመጣ ቀን እንኳን፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ ብሎ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ከምሰሶው ወደ ቤታችን የገባው ሽቦ ረግቦ አይቶት አላስቀምጥ ብሎት ነው። እኛ ሾናዎች ዘንድ ታናሽ እህት በእህቷ ባል ላይ የፈለገችውን ብትቀልድ ማንም አይቆጣትም፤ እኔ ደግሞ መብቴን አንድም ቀን አሳድሬ አላውቅም። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ሲያስለቅሰኝ የደወልኩት ለሱ ነው።

"ዋርሳዬ፣ ያንተ የመዳብ ሽቦ በረሀብ ሊገድለኝ ነው።"

"ደግሞ ምን ሆነ?"

"ምን ያልሆነ አለ! የስምንት ሜጋ እየከፈልን የሚገባልን አንድ ተኩል ነው። እሱም ደስ ካለው።"

"ሞደሙን አጥፍተሽ አብርተሽዋል?"

"አንተን ነበር አጥፍቶ ማብራት!"

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የምሠራበት ሆቴል ሲዘጋ ጓዜን ጠቅልዬ ሙታሬ ከተማ፣ ቺካንጋ ሰፈር ያለው እናቴ ቤት ገባሁ። ብዙ ከተንከራተትኩ በኋላ ያገኘሁት ሥራ ማስተርጎም ነው። እንግሊዝ አገር ሐኪም ፊት የተቀመጠ፣ ከሾና ሌላ ቋንቋ የማያውቅ አዛውንት አለ፤ እኔ እዚህ እናቴ ሳሎን ተቀምጬ በኢንተርኔት መሀላቸው እገባለሁ። የሚያምር ሥራ ነው። የሚያምረው ግን መስመሩ እስካለ ድረስ ነው።

አንድ ቀን ሐኪሙ ለአንድ ሽማግሌ "ይህን ክኒን በፍጹም…" እንዳለ መስመሩ ድርግም አለ። በፍጹም ምን? በፍጹም እንዳይውጡት? በፍጹም እንዳያቋርጡት? እኔ እዚህ ሞደሙን በጥፊ እያጮልኩ፣ ሽማግሌው እዚያ "ልጄ፣ የት ሄድሽ?" እያሉ። ተመልሼ ስገባ ሌላ አስተርጓሚ ተክተውልኛል። ተቆጣጣሪዬ በማግስቱ ጻፈችልኝ፦ ትርጉምሽ ግሩም ነው፣ መስመርሽ ግን አይሆንም፤ የሙከራ ጊዜሽ እስኪያልቅ ድረስ አንዴ እንኳን ብትቋረጪ አንቀጥርሽም። አንዴ! እኔ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራቴ ነበር የምቋረጠው።

ታውራይ ቅዳሜ ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። በር ላይ ሁለት እጁን ገጥሞ እያጨበጨበ በርከክ አለ።

"እንደምን አደሩ፣ አምቡያ?"

"እንደምን አደሩ፣ ሙክዋሻ? ልጆቹ ደኅና ናቸው?" አለች እናቴ ከማዕድ ቤት፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

አምቡያና ሙክዋሻ፣ ማለት አማትና አማች፣ እንዲህ ናቸው። እጅ ለእጅ አይጨባበጡም፤ እሷ ካለችበት እሱ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ሲነጋገሩ መሀላቸው መጋረጃ ያለ ይመስላል። የአማት መኝታ ቤት ማለት ደግሞ ለአማች ከቤተ መቅደስ የባሰ ነው። ታውራይ ኮሪደሩ ላይ በዚያ በር በኩል ሲያልፍ እንኳን አንገቱን ይሰብራል። እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ እነሱን ግን አያስቃቸውም።

ከምሰሶው ላይ ሆኖ ይጮህልኝ ጀመር። "ከስልክ ማዕከሉ እዚህ ድረስ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! መንገዱ በረዘመ ቁጥር ፍጥነቱ ይደክማል! ለሱ ምንም ማድረግ አልችልም!"

"አንተ ስለደከምክ ነው እንጂ!"

"መገጣጠሚያው ግን ዝጓል! የአቮካዶው ቅርንጫፍ ደግሞ ሽቦውን ሲገዘግዘው ነው የኖረው!"

ዝገቱን ቆርጦ አዲስ ገጠመ፤ የረገበውን ሽቦ በአዲስ ቀየረ፤ ቅርንጫፉን መለመለ። አቮካዶው ሁሉ ግቢው ላይ ተበተነ፤ እሱንም እኔው ለቀምኩ። ከዚያ ወርዶ መስመሩ ወደ ቤት የሚገባበት ግድግዳ ላይ መለኪያውን ሰካ።

"ነይ እዪ! ሰባት ሜጋ ከዚያም በላይ! ምንጭ ውኃ የመሰለ መስመር!"

ሮጬ ሳሎን ገባሁና ሞደሙን አየሁ። አንድ ተኩል።

"ምንጭህ ሳሎን ሳይደርስ ደርቋል" አልኩት።

ታውራይ ጭንቅላቱን አከከና ግድግዳውን በዓይኑ እየተከተለ ኮሪደሩ ድረስ ሄደ። እዚያ የዱሮው የስልክ ሶኬት አለ። በካቻቢቴ ሲከፍተው ዓይኑ በራ። ሞደሙ የተሰካው እዚያው ነው፤ ከእሱ ደግሞ ሌላ ሽቦ ተነስቶ በግድግዳው ሥር እየተሳበ ወደ እናቴ መኝታ ቤት ይገባል።

"ሌባው ተያዘ" አለ። "ክሮቹን ተመልከቺ። ሁለቱ መንታ ናቸው፤ ንግግሩም ኢንተርኔቱም የሚሄደው በእነሱ ነው። ተጠማዘው ስለሚሄዱ ከውጭ የሚመጣው ጫጫታ ሁለቱም ላይ እኩል ያርፍና ይጠፋል። ይቺ ሦስተኛዋ ግን ብቻዋን ነው የምትሄደው። ሥራዋ የስልኩን ደወል ማስጮህ ብቻ ነው። ያ ጎረቤታችሁ ብረት ሲበይድ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ሲለፈልፍ፣ ያገኘችውን ሁሉ ትለቃቅምና አምጥታ መንታዎቹ ላይ ትደፋዋለች።"

"ወሬኛ ናት በለኛ።"

"ወሬኛ ናት። መስመርሽን የምታቆሽሽብሽ እሷ ናት።" ፒንሳውን አወጣና ቆም አለ። በሩን ሳያይ በአገጩ ወደ መኝታ ቤቱ አመለከተ። "እዚያ ያለው ስልክ… ለካ የገና ዕለት ያመጣሁላቸው ነው። እንግዲያው ችግር የለም። አዲስ ስልክ ያለሷም ይጮሃል።"

እዚህ ላይ አፌን መክፈት ነበረብኝ። የገና ዕለት ያመጣላት ባለ ቁልፍ፣ የሚያብረቀርቅ ስልክ ነበር። እናቴ አጨብጭባ "ሙክዋሻ፣ ቤቴን አበሩልኝ!" ብላ ተቀበለችው፤ ከዚያም ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ከአልጋዋ ራስጌ የተሰካው ዛሬም አባቴ በሕይወት ሳለ ያስገባው ጥቁሩ ስልክ ነው፤ ግድግዳው ላይ በብሎን ታስሮ፣ ሽቦውም ከበሩ ወዲያ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ። ግን ለአማች "ስጦታህ ከካርቶኑ አልወጣም" የሚል ሰው አለ? እናቴን ማዋረድ፣ እሱን ማስቀየም ነው። ጫማዬን አየሁ።

ሦስተኛዋን ክር ቁርጥ አደረጋት። ሞደሙ ብልጭ ድርግም ብሎ ተረጋጋ። ሰባት ሜጋ! እልልታዬን ለቀቅኩት፤ ዋርሳዬን አንገቱን አንቄ ሳምኩት፤ እናቴ ዶሮ አረደችለት። የበቆሎ ገንፎውን፣ ሳድዛውን፣ እየጠቀለለ በእያንዳንዱ ጉርሻ መሀል ስለ መዳብ ሲያስተምረን አመሸ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ማር ሆነ። ድምፄ እንግሊዝ አገር ድረስ ጥርት ብሎ ይገባል፤ የሽማግሌዎቹን ሳል ሳይቀር እሰማለሁ። ተቆጣጣሪዬ "ቤት ቀየርሽ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው።

ሐሙስ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሴቶች ቀይ ሸሚዛቸውን ለብሰው ከጸሎት መልስ እኛ ቤት ሻይ ሲጠጡ፣ ከመካከላቸው አንዷ፣ ወይዘሮ ቺባንዳ፣ እናቴን ገላመጠቻት።

"የጋሪካይ እናት፣ ትናንት ከሰዓት የት ጠፍተሽ ነው? የሞባይሌ ሒሳብ አልቆ በቤት ስልክ ብደውልልሽ፣ ብደውልልሽ!"

"የትም አልጠፋሁም! አልጋዬ ላይ ሆኜ ቀሚስ ስጠቅም ነው የዋልኩት።"

"ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ እኮ።"

"ሌላ ሰው ቤት ደውለሽ ይሆናላ" አለች እናቴ ሳቅ ብላ። ግን ሻይዋን አስቀምጣ ተነሳች። ከመኝታ ቤቱ የስልኩ ቀፎ ሲነሳ ሰማሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ሲቀመጥ። ተመልሳ መጣችና "አለ፣ ድምፁ አለ። ይሠራል" አለች።

እናቴ ይህን ሁልጊዜ ታደርጋለች። ጠዋት ስትነሳ፣ ከገበያ ስትመለስ፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ቀፎውን አንስታ ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች፤ ያንን የ"እምምም" ድምፅ ስትሰማ "አለ" ብላ ታስቀምጣለች። እኔና ኔትሳይ ከለመድነው የተነሳ መስማት ትተናል። ምክንያቱ ታላቅ ወንድማችን ጋሪካይ ነው። ሥራ ፍለጋ ጆሃንስበርግ የሄደው እኛ ሰፈር ሞባይል የሚባል ነገር ሳይኖር ነበር። መጀመሪያ ላይ ከመንገድ ስልክ ይደውል ነበር፤ ኋላ እየራቀ እየራቀ ሄደና ጠፋ። የሚያውቀው ቁጥር የዚህን ስልክ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ገንዘባችን ወረቀት በሆነበት ዘመን እንኳን እናቴ ከዳቦ ቀንሳ የስልኩን የከፈለችው። ለዚህ ነው አዲሱን ስልክ ያላመነችው፤ በጥቁሩ የጋሪካይን ድምፅ ሰምታበታለች።

እንግዶቹ ሲወጡ ሞባይሌን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ቆሜ የቤታችንን ቁጥር ደወልኩ። ጆሮዬ ላይ ይጠራል። ክርር… ክርር… መስኮቱ ክፍት ነው። ውስጥ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ሌላ ምንም ድምፅ የለም። ስልኩ ከራስጌዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ እየጠራ ነው፤ እሷም እያንጎራጎረች ነው።

ወዲያው ታውራይ ጋ ደውዬ እውነቱን አፈረጥኩት።

"ካርቶኑ ውስጥ?" አለኝ።

"ካርቶኑ ውስጥ።"

"በጣም ወደድኩት ብለውኝ ነበር እኮ!"

"ካርቶኑን ወደውታል። አሁን እሱን ተወውና ምን ይሻላል?"

ተነፈሰ። "ክሯን ብመልሳት ደወሉ ይመለሳል፣ አንቺም ወደ አንድ ተኩልሽ ትመለሻለሽ። ሌላ መላ አለ። ስልኩ አጠገብ የሚገጠም ትንሽ ሣጥን አለ፤ ፊልተር። በሁለቱ ክር ብቻ ደወሉን ራሱ ያስነሳል፣ መስመሩንም አያቆሽሽም። ግን ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ እዚያው ስልኩ ጋ ነው መፈታት ያለበት።"

"ታዲያ ግባና ፍታዋ።"

"እኔ? አምቡያ መኝታ ቤት? ጤነኛ ነሽ?"

"እኔ ልሥራው፣ አንተ ከኮሪደር ንገረኝ።"

"ሹቫይ፣ ያ ሽቦ የአባትሽ እኩያ ነው። ሲነኩት ይሰበራል። አንዴ ከተሰበረ ያንን ስልክ ማንም አያድነውም።"

"ሌላ ሠራተኛ ላክልኛ!"

"ተመዝግበሽ ወረፋ ትጠብቂያለሽ። የሙከራ ጊዜሽ አልቆ፣ አዝነሽ፣ ተጽናንተሽ ይመጣል።"

ለእናቴ መንገር ግድ ሆነ። ኦቾሎኒ እየፈለፈለች አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ክሯን፣ ፒንሳውን፣ ካርቶኑን። እጇ ቆመ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ታውራይ ከመጣበት ቅዳሜ።"

"ከዚያ ወዲህ ደውሎ ከሆነ…"

"እማዬ…"

"ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ሞታለች፣ ወይ ቤቱን ለቃለች ይላል። ሁለተኛ አይደውልም።"

ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ግንፍል አልኩ። "እኔስ? እኔ እዚህ አለሁ አይደለም እንዴ? የጠፋው ልጅሽ ነው ልጅ፣ እኔ ዕቃ ነኝ? መደወል ቢፈልግ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ያዘው? አዎ፣ ተቀይሜዋለሁ! ናፍቆኛልም፣ ተቀይሜዋለሁም!" እንባዬ መጣ። ከዚያ አፈርኩ። "በቃ፣ ክሯን ይመልስልሽ። ሥራውም ገደል ይግባ።"

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ በቀሚሷ ጫፍ ፊቴን ጠረገችኝ፤ የኦቾሎኒው ገለባ ጉንጬ ላይ ተለጠፈ።

"ሥራሽ ገደል ከገባ የስልኩን ማን ይከፍልልኛል?" አለች። "ሙክዋሻን ጥሪልኝ።"

ታውራይ ሲደርስ እናቴ ቤቱን ገልብጣዋለች። አንሶላዋን፣ ብርድ ልብሷን፣ ቀሚሶቿን፣ መጽሐፍ ቅዱሷን፣ የአልጋ ሥር ጫማዋን ሁሉ እኔ ክፍል አስገብታ፣ የእኔን ጓዝ ደግሞ እኔው ተሸክሜ እሷ አልጋ ላይ እንድከምር አዛኛለች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ እሱን ሳታይ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"ሹቫይ፣ ይህ ክፍል የማን ነው?"

"ያንቺ።"

"የማን?"

"የኔ" አልኩ፣ ሲገባኝ።

"ማን ነው እሱ ውስጥ የሚተኛው?"

"እኔ።"

"እንግዲህ ሙክዋሻ የሚስታቸው ታናሽ ክፍል ገብተው ሽቦ ቢጠግኑ ነውሩ ምን ላይ ነው?" ብላ እኔ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ታውራይ ጣሪያውን አየ፤ መሬቱን አየ። "አንድ ሽማግሌ ብንጠይቅ አይሻልም?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ግባ! በራሴ ክፍል ነው የጋበዝኩህ!"

ጫማውን አወለቀ፤ ማንም አውልቅ አላለውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በጎኑ እየሄደ ገባ። ስልኩ ጋ ሲደርስ ግን የመስመር ሠራተኛነቱ አሸነፈው፤ እጁ ረጋ፣ ትንፋሹን ዋጠና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ያ ያረጀ ሽቦም ሳይሰበር ተፈታ። መሀል ላይ ቀና ሲል ዓይኑ ቁም ሣጥኑ ላይ አረፈ። ካርቶኑ እዚያው አለ፤ እናቴ እሱን ማንሳት ረስታዋለች። ላስቲኩ እንኳን አልተላጠም።

"ላስቲኩ እንኳን" አለ በቀስታ።

"ሥራህን ሥራ።"

የፊልተሯን ሣጥን ገጠመ። ሳሎን ሄጄ ሞደሙን አየሁ፤ ሰባት፣ ንቅንቅ የለም። "ጓሮ ውጪና ደውይ፤ ደወሉን እንፈትነው" አለኝ። ወጣሁ። ደወልኩ። ለእናቴ መንገር ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

ያ ስልክ ሲጮህ! ዶሮዎቹ ግቢውን ጥለው ሮጡ፤ ታውራይ ካቻቢቴውን እንደያዘ ከክፍሉ ዘሎ ወጣ። ወዲያው የሌላ ሰው እግር ኮሪደሩን ሲመታው ሰማሁ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተንበረከከችበት እኔን ተደግፋ ነው የምትነሳው። ያን ቀን ግን ሮጠች። በመስኮቱ ጀርባዋን አየሁት፤ ቀፎውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"ሃሎ! ሃሎ! ጋሪካይ? ጋሪካይ፣ አንተ ነህ?"

ትንፋሿ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እንዲህ ጥርት ያለ መስመር ሰምቼ አላውቅም። ለሰው አፍ ሆኜ የምኖር ሴት ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አንዲት ቃል አጣሁ።

"እማዬ" አልኩ በመጨረሻ፣ "እኔ ነኝ። ሹቫይ ነኝ። ጓሮ ነው ያለሁት። ስንሞክረው ነው።"

ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ መስኮቱ አልዞረችም።

"አንቺ ነሽ እንዴ" አለች። "ደግ ነው። ጥርት ብሎ ይሰማል።"

"አዎ፣ ጥርት ብሎ ነው።"

ልዝጋው ወይስ አንድ ነገር ልበላት ሳላውቅ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ። እሷም አልዘጋችም።

"በይ ዝጊው፣ ልጄ" አለችኝ። "መስመሩን አትያዢበት።"